ይቆርጡታል

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሥራ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ትሄድ ነበር። አባቴ አሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ባለችው ሻኮፒ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የቅዳሜ ሺፍት ነበረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻዋን ቤት ትዋል ማለት ደግሞ እናቴ ዘንድ አይታሰብም። ስለዚህ ከብሩክሊን ፓርክ ተነስተን፣ ከተማውን ከላይ እስከ ታች አቋርጠን አፕል ቫሊ እንወርዳለን። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ትነዳለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በየመኪና ማቆሚያው ጥግ የተቆለለውን፣ ጠቁሮ ከሰል የመሰለውን የማርች በረዶ አያለሁ።

እናቴ፣ ኣክበረት፣ ሥራዋ ሆም ኬር ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትረዳለች። ያን ዓመት የምትረዳቸው ሚስተር ሞሪታ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ጃፓናዊ ነበሩ። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ሴት ልጃቸው ናኦሚ ከቶኪዮ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። እናቴ ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ ሩዛቸውን ትቀቅላለች። የሁለቱም እንግሊዝኛ ሰባራ ስለነበር በደንብ ይግባባሉ። ስለ እሳቸው በአማርኛ ስታወራ ግን አንቱታውን አንድም ቀን አጉድላው አታውቅም። «እሳቸው ዛሬ በልተዋል።» «እሳቸው ተቆጥተዋል።» «እሳቸው እንዲህ ይላሉ።»

የሳሎናቸው ግድግዳ ሙሉውን ፊት ነበር። ዓይናቸው ወደ አፍንጫቸው የተጣመመ፣ አፋቸው ወደ ታች የተቆለመመ፣ እንደ ኖራ የነጡ ሰዎች። አንዳንዶቹ ጣታቸውን እንደ ወፍ እግር ዘርግተዋል። የተቀጡ ሰዎች መሰሉኝ፤ ከባድ ጥፋት አጥፍተው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እንዲኖሩ የተፈረደባቸው።

«እማዬ፣ ምን አድርገው ነው?»

«ምንም አላደረጉም። ተዋንያን ናቸው፤» አለችኝ ከንፈሯን ጠመም አድርጋ። ቤታችን ውስጥ «ተዋናይ» የሚለው ቃል የሚወጣው እንደዚያ ከጠመመ ከንፈር ነው።

ሚስተር ሞሪታ ካቡኪ የሚባለውን የጃፓን ቲያትር ተዋንያን ፊት በእንጨት እየቀረጹ፣ በወረቀት እያተሙ አምሳ ዓመት የኖሩ፣ በሙያው ስማቸው በአክብሮት የሚነሳ ጌታ መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሌላው ሥዕሉን ለአንድ፣ ቀረጻውን ለአንድ፣ ኅትመቱን ለአንድ ሰው ሲሰጥ እሳቸው ሦስቱንም በራሳቸው እጅ ይሠሩ ነበር። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ቢላዋ አላነሱም። መሣሪያዎቻቸው ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር።

የአባቴንም ነገር ልንገራችሁ። ኣንዶም አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት መድረክ ላይ ቆሞ በአማርኛ የተወነ ሰው ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ፣ በአንድ ሻንጣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ተባረረ። አስመራ ሲገባ ደግሞ ትግርኛው የእንግዳ ትግርኛ ሆነበት፤ በዚያ አፉ መድረክ የሚሰጠው አልተገኘም። ፎቶዎቹ፣ ስሙ የተጻፈባቸው የቲያትር ማስታወቂያዎች፣ ሁሉም አዲስ አበባ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል። እናቴ ያገባችው ከዚያ በኋላ ነው። መድረክ ላይ አይታው አታውቅም። የምታውቀው ሲያዝን ብቻ ነው።

እኔ የማውቀው አባት ደግሞ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ አስሮ የሚሠራ፣ ማታ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ዝም የሚል ሰው ነበር።

አንድ ቅዳሜ የእናቴ መኪና አልነሳ አለ፤ አባቴ ከሥራ ወጥቶ ሊወስደን መጣ። ሚስተር ሞሪታ ቤት ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። አባቴ አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቀና ሲል ግድግዳውን አየ። እንደዚያው በአንድ ጫማ ቆሞ ቀረ።

«ይሄ ሰውዬ፣» አለ ወደ አንዱ ፊት እያመለከተ፣ «ተበድሏል። ሊናገር ነው። ገና አልተናገረም፤ ትንፋሹን ይዟል።»

«ኣንዶም፣ ጫማህን፤» አለች እናቴ።

«ይሄኛው ደግሞ ይዋሻል። አንገቱን ተመልከች!»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው ምን እንዳለ ጠየቁ። እናቴ እያፈረች ተረጎመችላቸው። ያለ ሰው ድጋፍ የማይነሱት ሰውዬ የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ብድግ አሉ። አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አክተር?»

አባቴ የቀረውን ጫማ አወለቀ። «ቢፎር፤» አለ ከዚያ። በፊት።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ እንዲሠራ ሺፍቱን አስቀየረ። እኩለ ቀን ላይ እየመጣ ከሽማግሌው ጋር ቤዝመንት ይወርዳል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በመወጣጫው ብረቶች መሐል አያቸዋለሁ። ሞሪታ በዝቅተኛ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ፤ አባቴ የቤቱ ማሞቂያ አጠገብ ይቆማል። ልጁ መሆኑን ሳያውቅ በገዛ ልጁ ላይ የሞት ፍርድ የጻፈ ዳኛ ሆኖ የሠራው ቲያትር ነበረ። ዳኛው እውነቱን የሰማባትን ሰዓት ነበር የሚያሳያቸው።

«ፍርዱን የጻፍኩትስ እኔ ነኝ!» ይላል አባቴ። ድምፁ ከሲሚንቶው ወለል ተነስቶ እግሬ ሥር ይገባል። «ፍርዱን የጻፍኩትስ እኔ ነኝ፤ ቀለሙን ማን በጠበጠው?»

አንዲት ቃል አማርኛ የማያውቁት ሽማግሌ «ስቶፕ!» ይላሉ፣ ልክ አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ መንጋጋውን ወደ ፊት ሲገፋ። አባቴ እንደ ድንጋይ ይቆማል፤ እሳቸው ይስላሉ። የሚገርመው እጃቸው ሩዝ ሲበሉ ማንኪያ ያስደፋቸዋል እንጂ እርሳስ ሲይዙ አይንቀጠቀጥም።

እኔ ፈራሁ። አባቴ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሥዕሉን ሳየው ደግሞ ባሰብኝ። ዓይኖቹ ተጣመዋል፣ አፉ ወርዷል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰዎች መስሏል። አባቴም የሚቀጣ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ይከሳ ጀመር። ምሳውን በአንድ ጉንጩ ብቻ ያኝካል፤ ቀስ በቀስ ማኘኩንም ትቶ ሾርባ ላይ ዋለ። «ጥርሴን ነው፤» ይለኛል። እኔ ግን በየሳምንቱ ሁለት ነገር አያለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊት እየሞላ ይሄዳል፣ የአባቴ ፊት እየጎደለ ይሄዳል። ልጅ ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ካየ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው።

ከዚያ ወረቀቱን ለጠፉት። ያን ቀን መቼም አልረሳውም። ሞሪታ አንድ ለስላሳ የቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ ሙጫ ቀቡና ሥዕሉን በፊቱ ደፉት። አባቴን በፊቱ ደፉት! በመዳፋቸው እየዳበሱ አጣበቁት፤ ስሱ ወረቀት ላይ ከጀርባው በኩል መስመሮቹ ተገልብጠው ታዩ። ከዚያ ከተጠቀለለው ጨርቅ ውስጥ ቢላዋ መርጠው አወጡ።

«ዩር ፌስ፣» አሉት አባቴን፣ «አይ ኪፕ።» ፊትህን እኔ አስቀረዋለሁ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያመመው መሰለኝ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ እንባውን ሌላ ስም እሰጠው ነበር። አባቴ መንጋጋው ውስጥ ካንሰር እንዳለ ሰምቷል። ለእናቴ እንኳ ገና ሳይነግር፣ መጀመሪያ የነገረው ለእኚህ ባዕድ ሽማግሌ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነኩትን ቢላዋ ያነሱት ለዚህ ነበር፤ ሥራውን ለመጨረስ የሚሽቀዳደሙትም ከሐኪሞቹ ቀጠሮ ጋር ነበር። ለእኔ ግን ማንም ምንም አልነገረኝም። ልጅ ናት፣ አትሰማም ተባለ። ልጅ ግን ይሰማል። ምን እንደሰማ ነው የማያውቀው።

የምንኖርበት አፓርታማ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው። አንድ ማክሰኞ እናቴ ልብስ ስታስገባ እኔ ማድረቂያው ጀርባ ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ። ስልክ ያዘች። ከሚሪያ የምትባል፣ አብራት ሆም ኬር የምትሠራ የልብ ጓደኛዋ ናት። ከሚሪያ ቤቷ ኦሮምኛ ነው የምትናገረው፣ እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፤ ስለዚህ አማርኛ ያገናኛቸዋል። ማድረቂያው ሲያጓራ ግማሹ ይደርሰኛል፣ ግማሹ አይደርሰኝም።

«ሐሙስ ሳምንት ይቆርጡታል፤» አለች እናቴ። «መንጋጋውን … አዎ፣ በዚህ በኩል እስከ ጆሮው … ሌላ መንገድ የለም ይላሉ … ከዚያ በኋላማ ፊቱ ፊት አይሆንም፣ ከሚሪያ። መናገሩንም እንጃ … እሱማ ተስማምቷል፤ ፈርሟል።»

ከዚያ ፊቷን በታጠበ ፎጣ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

«ይቆርጡታል።» «ይላሉ።» አማርኛ ሰውን ሲያከብርም ሰውን ሲያበዛም ግሱ አንድ ነው። እናቴ «እነሱ» ማለቷ ነበር፤ ሐኪሞቹ። እኔ የሰማሁት «እሳቸው» ብላ ነው። በእናቴ አፍ አንቱ የሚባል አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ቢላዋ ይዞ የአባቴን ፊት ሲቆርጥም በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አባቴን ልጠይቀው ሞከርኩ። ሐሙስ ማታ አልጋዬ ጫፍ ሲቀመጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ሲቆርጡህ ያማል?» አልኩት።

የሚቀረጸውን እንጨት ማለቴ መሰለው። ሳቀ። «ኖ፣ ሄርሚ! እንጨት ነው'ኮ።»

«ግን እየቀነስክ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ሳበልኝ። «ሲያልቅ ታይዋለሽ። በጣም ያምራል፤» አለኝ። ያኔ ቢነግረኝ ኖሮ! አንድ ቃል! እሱ እኔን ሊያተርፈኝ ዝም አለ፣ እኔ እሱን ላተርፈው ተነሳሁ።

ቅዳሜ መጣ። ለሐሙሱ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሚስተር ሞሪታ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው ደክሟቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እናቴ ላይ ቤት አንሶላ ትቀይራለች፤ አባቴ ገና አልደረሰም። ቤዝመንት ወረድኩ።

ጣውላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወረቀቱ ተልጦ አልቆ የአባቴ ፊት ብቻ ከእንጨቱ ላይ ብድግ ብሎ ወጥቷል። ቅንድቡ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ዓይኑ፣ የአፉ ጥግ፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት፣ ሁሉም አልቋል። የቀረው ጥቂት ፀጉር ነበር። ረቡዕ ሊያትሙት፣ ሐሙስ ከመሄዱ በፊት ሊሰጡት ነበር አሳባቸው፤ ያንንም በኋላ ነው የሰማሁት።

ጠፍጣፋውን መሮ አነሳሁ። ከመንጋጋው ጀመርኩ። መንጋጋ ከሌለ ምኑን ይቆርጣሉ ብዬ ነው። መስመሩ እንደዚያ በቀላሉ ይነሳል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ማንኪያ ነው የተንሸራተተልኝ። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ጠረግኩት። ቀጥሎ አፉን። ቀጥሎ ዓይኖቹን። እንጨቱ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ ፍቅፋቂውን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ፣ መሮውን በቦታው መለስኩ፣ ላይ ወጥቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ዘረጋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ መጣ። ሽማግሌው ነቁ። እናቴ ክንዳቸውን ይዛ፣ አባቴ ከፊት ከፊታቸው እየወረደ ቤዝመንት ገቡ። እኔም ደብተሬንና እርሳሴን እንደያዝኩ ተከትዬ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ ያየው አባቴ ነው። እጁ ወደ ገዛ መንጋጋው ሄደ።

ሞሪታ ቀርበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። አውራ ጣታቸውን የተጠረገው ቦታ ላይ አሳርፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ አንዴ፣ ደግመውም አንዴ። ከዚያ ቀና ብለው በክፍሉ ዙሪያ አዩ። እናቴን አዩ። እኔን አዩ። እርሳስ የያዘውን እጄን አዩ። ዓይናቸው እዚያ ላይ ቆየ።

«ማይ ሃንድ፤» አሉ። «የስተርዴይ። ሶሪ፣ ኣንዶም ሳን።» እጄ ነው፤ ትናንት፤ ይቅርታ፣ አቶ ኣንዶም።

«ይህ ሁሉ?» አለ አባቴ በአማርኛ።

«ማይ ሃንድ፤» አሉ እንደገና፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው።

ሽማግሌው ጃጅተዋል፣ የሠሩትንና ያልሠሩትን አያውቁም አልኩ በልቤ። አዳንኩት፣ ማንም አላወቀብኝም አልኩ።

«እንደገና ሊሠሩት አይችሉም?» ብላ እናቴ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥዕሉ እንጨቱ ላይ ተልጦ አልቋል፤ ሌላ የለም። ለቀረጻው ብቻ አምስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ አሁን ያለው አምስት ቀን ነው። አባቴ «ኢት ኢዝ ኦኬ፤» አለ። ድምፁ የመጋዘን ሠራተኛው ድምፅ ነበር። ያን ቀን ሳይሰናበታቸው ነው የወጣው።

በማግስቱ ናኦሚ መጣች። የእጃቸው ነገር እዚህ ከደረሰ ራሳቸውን ይጎዳሉ ብላ ቢላዋና መሮውን በሙሉ ሰብስባ በካርቶን ይዛ ሄደች። እናቴ ነች ያየቻቸው። «እንደ ሕፃን እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ፤» ስትል ለከሚሪያ ሰማኋት። ሜይ ሳይጋመስ ናኦሚ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባቻቸው፤ እናቴንም የሚቀጥራት ኤጀንሲ ሌላ ቤት መደባት።

ሐሙስ አባቴ ሆስፒታል ገባ። እሑድ ወሰዱኝ። ፋሻው ከፊል ተነስቶ ነበር። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ የነበረው አጥንት የለም። ፊቱ በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አፉ ወደ ታች ወርዶ ምራቁ በጨርቅ ይጠረጋል። ከእግሩ አጥንት ወስደው ተክተውለት ነበር፤ አልያዘም።

ያ የእኔ መሮ የሄደበት መስመር ነበር። ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ።

አልጮህኩም። እናቴ ዛሬም ድረስ «ልጄ ጠንካራ ናት፣ ሆስፒታል አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም፤» ትላለች። እኔ ያን ቀን ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እንጨቱ ላይ ያደረግሁት አባቴ ላይ ደረሰ። ግራኝ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራ እጄ መብላት ተውኩ፣ መጻፍም ተውኩ። መምህሬ እጅ ጽሑፌ ለምን እንደተበላሸ ለመጠየቅ ደብዳቤ ላከች፤ እናቴ በአባቴ ሕመም አሳበበችው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየማታው፣ የአባቴን አጥንት የቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ አምኜ ተኛሁ።

በዚያ በጋ ሚስተር ሞሪታ ከነርሲንግ ሆም ደወሉ። አባቴ እንዲጠይቃቸው ፈልገው ነበር። አባቴ መናገር ስለማይችል ማስታወሻ ደብተር ላይ እየጻፈ ነው የሚግባባው። እናቴ ስልኩን በእጇ ሸፍና የጻፈውን ለራሷ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ «እጁ እንደማይታዘዝለት እያወቀ ለምን ተስፋ ሰጠኝ በይው።» እሷ ያን አላለችም፤ «አሞታል፤» አለቻቸው። በሴፕቴምበር ደግመው ደወሉ። በኖቬምበሩ የምስጋና በዓል ሰሞንም ደወሉ። በጃንዋሪ ናኦሚ ደውላ መሞታቸውን ነገረችን። አባቴ ቀብራቸው አልሄደም።

ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ እናቴ አስቀምጣ ነገረችኝ። ካንሰር ነበር፤ ሽማግሌው ገና እርሳስ ሳያነሱ ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር፤ ሐሙስም ሐኪሞቹ ናቸው የቆረጡት። «እነሱ፤» አለች። ያኔ ነው ቃሏ ተገልብጣ የገባችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። እኔ አይደለሁም! አንድ እንጨት ነው ያበላሸሁት፤ እንጨት ደግሞ እንጨት ነው። ጉዳዩን በዚያ ዘጋሁት። ሃያ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለጎልማሶች የሚሰጥ የእንጨት ኅትመት ትምህርት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ለራሴ አልነገርኩም። በመጀመሪያው ቀን መሮውን ሳላስበው በግራ እጄ ያዝኩት። አስተማሪዋ ጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች መጣችና፣ ቁጭ ብዬ ስሠራ ሳታየኝ፣ እንጨቴን ብቻ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ግራኝ ነሽ፤» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«መሮው የገባበትና የወጣበት ይናገራል። እጅ ፊርማ ነው፤ ገና ጀማሪ መሆንሽንም ይናገራል።» ሳቀችና አለፈች።

እኔ ግን እንጨቴን በገዛ አውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አምሳ ዓመት እንጨት የቀረጸ ሰው አውራ ጣት ሁለት ጊዜ ሲሄድና ሲመለስ ታየኝ። ዓይናቸው እርሳስ በያዘው ግራ እጄ ላይ ሲቆይ ታየኝ። ጃጅተው አልነበረም። «ማይ ሃንድ፤» ያሉት አውቀው፣ አስበው፣ አባቴ ፊት ልጁን ላለማጋለጥ ብለው ነው። ያቺ ቃል ቢላዋቸውን አስወሰደች። ቤታቸውን አስለቀቀች። አባቴንም አሳጣቻቸው። ሦስት ጊዜ ሲደውሉ አፋቸው ላይ አንድ ስም፣ የእኔ ስም ነበረ፤ ግን ለእናቴ አልነገሯትም። እኔም ሒሳቤን እየሠራሁ ዝም አልኩ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ለአባቴ ሳልነግረው ሁለት ዓመት ኖርኩ። ልቡ ይሰበራል እል ነበር። ይደክመዋል እል ነበር።

ባለፈው ኦክቶበር አንድ እሑድ ነገርኩት። እናቴ ሥራ ነበረች። እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ኳስ ያያል። አሁን ይናገራል፤ ነገር ግን ከአፉ የሚወጣውን የምንረዳው እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ ከንፈር የሚዘጋባቸው ፊደላት ሁሉ ጠፍተውበታል። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀምሬ እስከ አስተማሪዋ አውራ ጣት ድረስ በአማርኛ ነገርኩት፤ እንዳያመልጠኝ እየፈራሁ፣ ቃል እየመረጥኩ። አላቋረጠኝም።

«ሽማግሌው ያውቅ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር።»

«ከመቼ?»

«እዚያው። ገና ሲዳስሱት።»

ፊቱን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን መለሰ። «ሦስት ጊዜ ነው የጠራኝ፤» አለ። «እንደተቀየምኩት ሞተ።»

«አባዬ፣ ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ ነበርሽ፤» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «መቼ ነው ማወቁን ያወቅሽው?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። «የዛሬ ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት፤» አለ። ቃሉን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ምራቁን በመሐረቡ ጠረገ። «ያኔስ ልጅ ነበርሽ። ሁለት ዓመቱን ማን ነበርሽ?»

ተነሳ። ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፉን አነሳና ወጣ። ተከትዬው መስኮቱ ጋ ሄድኩ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሞተሩን አላስነሳም። እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ ተቀመጠ። የሚሄድበት አልነበረውም፤ ሊሄድበት የሚገባው ቦታ ከተዘጋ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እናቴ ከሥራ ገባች። ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ጠየቀችኝ።

«አባትሽ ብርዱ ውስጥ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? ላናግረው ብዬ መስታወቱን ባንኳኳ አላየኝም። ምን ሆነ? ምን አልሽው?»

«ምንም፤» አልኳት።